ነርሷ ያልሰረዘችው ቀልድ

ለልጅ ልጄ፣ ለቁንጫዬ፤

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ከባድ ዜና በክብር ላሳውቅሽ፤ ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ። የወጥ ቤታችን ባለ ሦስት እግር በርጩማ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በታማኝነት ካገለገለ በኋላ፣ ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ ተሰናብቷል። እናትሽ እግሮቹን ነቅላ ከማገዶው ጋር ደርድራዋለች። የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ሐዘንተኛውም እኔ ነኝ።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? በጣም እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ቀኑን ሙሉ የምትቆሚበት እግርሽስ? ባልሽ አሁንም ሻይ ሲጠጣ ድምፁ ጎረቤት ድረስ ይሰማል? ትንሿ ልጅሽስ ጥርስ አወጣች ወይስ እንደ እኔ በድዷ ጸንታለች? እኔ ከግራ ክንዴ በቀር ደህና ነኝ። ክንዴም ቢሆን ቀለሙን ቀየረ እንጂ ሌላ ምንም አልሆነም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ክሊኒካችሁ ስለምትመጣው አሮጊት የጻፍሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንቺ፣ እጇ ላይ የተቃጠለ ቦታ አየሁ፤ ስጠይቃት ልጇ ቀድሞ ይመልስልኛል፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች፤ ልጁ ደግሞ በሰፈሩ የተከበረ ሰው ነው፤ ተሳስቼ ቢሆንስ? ሪፖርት ላድርግ ወይስ ልተወው? ብለሽኛል። እኔ ጡረታ የወጣሁ አናጺ ነኝ፤ ከሕክምና የማውቀው መርፌ ሳይ መሸሽን ነው። ግን በዚሁ ጉዳይ ሰሞኑን ተበዳይ ሆኜ ስለከረምኩ ልንገርሽ።

ሐኪሙ ጣፋጭ ከከለከለኝ ወዲህ እናትሽ የማርማላታውን ጠርሙስ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ትደብቃለች። ሰኞ ጠዋት ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ እኔ በርጩማው ላይ ወጣሁ። ጠርሙሱን በጣቴ ጫፍ እንደነካሁ በርጩማው ከዳኝ። እናትሽ ደርሳ ክንዴን ባትይዘኝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልሽ ሌላ ሰው ነበር። ጉልበቷን ታውቂዋለሽ፤ አምስት ጣቷ ክንዴ ላይ ታትሞ ቀረ። ቅልጥሜ ላይ ደግሞ ካለፈው ሳምንት የማርማላታ ዘመቻ የተረፈ፣ በልዞ ወደ ቢጫ የዞረ ቦታ ነበረኝ።

ያኑ ቀን ክንዴን ለማሳየት ወደ ጤና ጣቢያ ስንሄድ የማርማላታውን ነገር ትንፍሽ እንዳትይ ብዬ አስማልኳት። ምስኪን፣ ለእኔ ክብር ብላ፣ መታጠቢያ ቤት አዳልጦት ነው አለች። እኔ ግን ነርሷን ሳይ አመሌ ተነሣብኝ። ይህች ነርስ ስትስቅ ታይታ አታውቅም፤ ሳቂታ ብዬ ስም አውጥቼላታለሁ። ዛሬስ ሳላስቃት አልወጣም አልኩና፣ ምን ሆነው ነው አባባ ብትለኝ፣ ይህች ልጄ ትደበድበኛለች፣ ምግብም ትደብቅብኛለች አልኳት። እናትሽ ዓይኗ ፈጠጠ። ሳቂታ አልሳቀችም።

ክንዴን አየች፣ ቅልጥሜን አየች፤ አንዱ አዲስ፣ አንዱ የቆየ። ከዚያ እናትሽን፣ ታካሚን ለብቻው ማነጋገር አሠራራችን ነው፣ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን ብላ በትሕትና አስወጣችና በሩን ዘጋች። ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ቤት ውስጥ ማን ማን አለ? የሚፈሩት ሰው አለ? ጠግበው ይበላሉ? መድኃኒትዎን ማን ይሰጥዎታል? ያልኩትን ሁሉ ቃል በቃል ትጽፋለች፤ ትደበድበኛለች ያልኩትን ሳይቀር።

የኔ ልጅ፣ ቀልዴን እኮ ነው፣ ሰርዢው አልኳት። አባባ፣ የተናገሩትን አልሰርዝም፤ ቀልድ ነው ማለትዎንም ከሥሩ እጽፋለሁ አለችኝ። ጽፋም አሳየችኝ። ልጄን ልታሳስሪያት ነው? ብላት፣ እኔ ፈራጅ አይደለሁም፤ ያየሁትንና የሰማሁትን ዛሬውኑ ለኃላፊዬ አቀርባለሁ፤ የሚያጣሩት ሌሎች ናቸው፤ ከሚመለከተው ሰው በቀርም ማንም አይሰማም አለች። እናትሽን ስታስገባትም አልተቆጣቻት፣ አልገላመጠቻት።

መንገድ ላይ ለእናትሽ ሁሉንም ተናዘዝኩ። እሷም ግድግዳ ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

በማግስቱ አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ልታጣራ ቤታችን መጣች። አልጋዬን አየች፣ መድኃኒቴን ቆጠረች፣ እናትሽን ለብቻ፣ እኔን ለብቻ ጠየቀች። እውነቱን ብነግራት እንዴት እንደወደቁ ያሳዩኝ አለች። እኔም ለማስረዳት በርጩማው ላይ ወጣሁ፤ እሱ ደግሞ እንደ ልማዱ ከዳኝ። ሴትየዋ ጮኻ በቀኝ ክንዴ አፈፍ አደረገችኝ። ከዚያ ዓይኗን ከእጇ ወደ ክንዴ፣ ከክንዴ ወደ ጠርሙሱ አመላለሰች። በደል አልተገኘም፣ በርጩማው ይወገድ ብላ ጻፈች። ይህን ማን ነው የሠራው ስትል ግን ጆሮዬ አልሰማ አለኝ።

እንግዲህ ቁንጫዬ፣ ልጅየውን ጥፋተኛ ነው በይ አላልኩሽም። እሱ ውጭ ሲጠብቅ አሮጊቷን ለብቻዋ ጠይቂያት። ያየሽውንና የሰማሽውን ብቻ ጻፊ፤ ሳታሳድሪ ለኃላፊሽ ስጪ። የተከበረ ሰው ነው ላልሽው፣ እኔም እኮ የተከበርኩ ነኝ፤ ማርማላታ እሰርቃለሁ። እኔ ቀልጄ ነው እንዲያ የተጠየቅኩት። አሮጊቷ ስትቀልድ ሰምተሻል?

እናትሽ ትስምሻለች። አጎትሽ ቁመትሽ ጨመረ ወይ ይላል፤ እሱ ራሱ እየቀነሰ መሆኑን አልነገርነውም። ባልሽን፣ ሻዩን ቀስ እንዲል ንገሪልኝ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ አከራያችሁን እማማንም እጅ ነሥተሽ ሰላም በይልኝ።

ከበረንዳችን ወንበር ላይ፤ ዓርብ፣ የካቲት 14 ቀን ተጻፈ።

አያትሽ

ፖስታውን ልዘጋው ስል እጄ እምቢ አለኝ። ያቺ ነርስ ቀልዴን እንኳ ሳትሰርዝ፣ እኔ አንድ የፈጠርኩትን ነገር እንዲሁ ልልክልሽ አልፈልግም። እናትሽ አልሳቀችም። ቤት ስንገባ ፊቷን አዙራ አለቀሰች። አንቺ እንዳትፈሪ ብዬ ነው የሳቀች ያስመሰልኳት። ትናንት ክንዴን ስታሽልኝ ግን እንዲህ አለችኝ፤ ነርሷ ጠርጥራኝ ነበር፣ በጣም ከፍቶኛል አባዬ፤ ሳትጠይቅህ ብትቀር ግን ሁለተኛ እዚያ አልወስድህም ነበር።