እስከ ደጄ ያመጣህልኝ የእርሳስ ቧንቧ

ለአያሌው፣ ለወንድምዓለሜ፣

እንደምን ከረምህ አልልህም፤ መልስ የማይመጣበት ሰላምታ ያበሳጨኛል። ከተለየኸኝ ሦስተኛው ክረምት ወጥቶ መስከረም ጠባ። ለሞተ ሰው ይጸለይለታል እንጂ ደብዳቤ አይጻፍለትም ትል ይሆናል። አባቴ ከወንድሞቼ ጋር ፊደል ያስቆጠረኝ ለዚህ ቀን ኖሯል። ሰሞኑን መቀመጥ አልቻልሁም። ጎታው ፊት ቆሜ ምን ላወጣ እንደመጣሁ እረሳለሁ፤ ወጥቼ እገባለሁ፣ ገብቼ እወጣለሁ። ለአገር የተናገርሁትን ላንተ ሳልነግር ብቀር አይሆንልኝም። ቧንቧህን አስነቀልሁት።

አትቆጣ። ወይም ተቆጣ፣ ግን እስኪያልቅ ስማኝ።

ልጃችን ስንዱ እዚህ ናት። የሰባት ወር እርጉዝ ሆና ከባሏ አገር ከፃግብጂ በበቅሎ መጣች። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል ብዬ እኔው ነኝ የላክሁባት። ባሏ ደግ ነው፣ ወሬ አያውቅም እንጂ፤ ሁለት ቀን ሰንብቶ አራት ቃል ሳይናገር ተመለሰ። እሷ ግን ገና ከበቅሎዋ ሳትወርድ የአባዬን ውሃ ስጡኝ አለች። በጣሳ ሞልቼ ሰጠኋት። ጨርሳ ስትመልስልኝ ደስ ብሎኝ ደገምሁላት።

ያን ቧንቧ እንዴት እንዳመጣኸው የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ጣሊያን ከምንጩ እስከ ካምፑ ሲዘረጋው በግድ ወስደው አስቆፈሩህ፤ አንተም ብየዳውን አይተህ ተማርህ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሌላው እርሳሱን እየቆረጠ ለጥይት ሲያቀልጠው፣ አንተ የተረፈውን በአህያ ጭነህ አመጣህ። ስንዱን ደሃና አገር፣ እናቴ ቤት ወልጄ፣ እሷን አዝዬ ወደ ሰቆጣ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ሁለተኛውን ፀንሼ ያን ቁልቁለት በእንስራ ስመላለስ አየህና አላስችልህ አለ። ከምንጩ እስከ ደጃችን ቆፍረህ ቀበርኸው። ጓደኞችህ ሚስቱን ፈርቶ ምንጭ ጎተተ እያሉ ሲስቁብህ ከረሙ፤ ኋላ ሚስቶቻቸው እንስራቸውን ይዘው ተሰለፉ። ለማንም አልከለከልህም። አንድ ሕግ ብቻ ነበረህ፦ ማታ ትዘጋዋለህ፣ ጠዋት ስትከፍተው የመጀመሪያው ውሃ የለምለም ነው። ከእኔ በፊት እንኳን ጎረቤት እናትህም አይቀዱም።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አንተም ታውቀዋለህ። ሁለቱ ሳይደርሱ ወረዱ። ሦስተኛው ቀኑን ሞልቶ፣ ጸጉሩ ጥቁር ሆኖ፣ ሳያለቅስ ተወለደ። ሾተላይ አለባት ተባለ። ሌላ አግባ ብለው ዘመዶችህ ሲሰበሰቡ ጋቢህን ደርበህ ወጣህባቸው። ለእኔ ደግሞ ከወንዝ እንዳትጠጪ፣ ከቧንቧው ብቻ አልኸኝ። እኔም እሺ አልሁ። በዕድሜዬ ሙሉ የታዘዝሁህ በዚህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ማዘጋጃ ቤቱ ገበያው ዳር አዲስ የብረት ቧንቧ አቁሟል፤ የድሮው ይነቀል ተባለ። ዶማ የያዙ ሦስት ሠራተኞች ሲመጡ ነጠላዬን ታጥቄ ወጣሁና መጀመሪያ እኔን ቅበሩ አልኋቸው። ድምፄን ታውቀዋለህ፤ ዶማቸውን አንስተው ሄዱ። ሽማግሌዎቹም የሟች ሥራ ያለ ሚስቱ ፈቃድ አይነካም ብለው ፈረዱ። ነገሩ በእኔ ቃል ላይ ቀረ።

በሳምንቱ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ስንዱን ሊያይ መጣ። ቧንቧውን በሰንጢ ፋቀና እርሳስ መሆኑን አየ። ይህ ቧንቧ ከመግባቱ በፊት ስንት ወለዱ፣ ከገባ በኋላስ ብሎ ጠየቀኝ። እንደዚያ ከፍሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ በፊት አንድ፣ በኋላ ሦስት፣ ሦስቱም የሉም አልሁት። ስላንተም ጠየቀ። ቁርጠትህን ነገርሁት፤ ስትበይድ የኖርህበት እጅህ በመጨረሻ ዝሎ ዋንጫ አላነሣ ማለቱንም ነገርሁት። እርሳስ ጥቂት በጥቂት ከውሃው ጋር ይገባል፣ እርጉዝ ላይ ይከፋል አለኝ። በቧንቧው ውስጥ ያደረው የጠዋቱ ውሃ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው አለ። የእርስዎ ልጆች በዚህ ሞቱ ብዬ ግን አልምልም አለኝ። አለመማሉን ወደድሁለት፤ ቢምልልኝ ደግሞ በተሻለኝ።

የስንዱን ጣሳ ደፋሁት። ከገበያው እየተሸከምሁ አጠጣኋት፤ ለምን ስትለኝ አዲሱ ይጣፍጣል አልኋት። ልጄን ካተረፍሁ ያንተን ስም ማን ይነካዋል ብዬ ሦስት ቀን እንዲህ ኖርሁ። በአራተኛው ጠዋት ዘነቡ እንስራዋን ይዛ መጣች። የጎረቤታችን ምራት ናት፤ ሁለት ቀብራለች፣ አሁንም እርጉዝ ናት፤ ሾተላይ የሚለው ስም ወደ እሷ ዞሯል። ቀዳችና እንደ ልማዷ አያሌው፣ ነፍሱን ይማር አለች። ያን የማለዳ ተራ የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ አያሌው። ካንተ ሞት በኋላ፣ አዝኜላት፣ ከእንግዲህ የመጀመሪያው ውሃ የዘነቡ ነው ያልሁት እኔ ነኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሰው ሳይበተን ተነሣሁ። ሦስቱን ልጆቼን ቆጠርሁ፤ ድሬሰሩ ያለውን፣ አልምልም ያለውንም ጭምር ተናገርሁ። አንዷ እኔ ስድስት አሳድጌበታለሁ አለችኝ። አንቺ ረፋድ ላይ ነው የምትቀጂው አልኋት። የነፍስ እናቴ የምላቸው እማሆይ ደግሞ አፍ የሌለውን ሙት አትክሰሺ፣ እግዜር ሰጠ እግዜር ነሣ ብለው ገሠጹኝ። ያኔ ዘነቡ ታዲያ የእኔስ ልጆች ብላ እመሬት ላይ ቁጭ አለች። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ አዩ። ንቀሉት አልሁ።

ሰኞ ነቀሉት። ለምጣድ መጣፊያ፣ ለምን ለምን እያለ ቁራጭ የሚለምን ሰው ነበር፤ ማዘጋጃ ቤቱ ጭኖ እስኪወስደው ድረስ ክምሩ ላይ ተቀምጬ ዋልሁ።

አሁን ያለሁበትን ልንገርህ። ጥፋቱ የማህፀኔ እንዳልሆነ ስሰማ ደስ አለኝ። ደስ በማለቴ ደግሞ አፈርሁ፤ ከእኔ ሲወርድ የሚያርፈው አንተ ላይ ነዋ። እናደድብሃለሁም። ምነው ሰነፍ ባል በሆንህ እላለሁ። እንደ ሌላው ወንድ ግድግዳ ተደግፈህ፣ እኔን ቁልቁለቱን ብታስወርደኝ ምን ነበረበት? ትንሽ ቆይቼ ዘነቡን አስባለሁ፤ እኔም ካንተ የተለየ አልሠራሁም። ካለኝ ሁሉ ይበልጣል ያልሁትን ነው የሰጠኋት።

ስንዱ ገና አልወለደችም። ሆዷን ስነካው ይራገጣል፤ እጄን ወዲያው አነሣለሁ፣ መልሼ ደግሞ እነካዋለሁ። ዘነቡም ገና ናት። በአዲሱ ቧንቧ ተራ ስንጠብቅ አጠገቤ ትቆማለች፤ አትሸሸኝም፣ አታዋራኝምም። ሴቶቹ ሲቀዱ ስምህን አያነሡም። ክፋት አይደለም፤ እንዴት ብለው እንደሚያነሡህ ጠፍቷቸው ነው። ስለዚህ እኔ ነፍሱን ይማር እላለሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በየቀኑ። የሚወለደውም አድጎ አያቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር ሲለኝ ውሃውንም እነግረዋለሁ፣ እርሳሱንም እነግረዋለሁ። አንዱን ለሌላው ብዬ አልደብቅም። ወዶኝ ነው፣ አላወቀም፣ እለዋለሁ።

ሚስትህ ለምለም