ለኮፍያ የወጡ እጆች

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ለአቶ አባይነህ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔና እናቴ ወይዘሮ ተሾመች፣ የገብስ ማሳችን ከተወሰደበት ስብሰባ ወዲህ እንቅልፍ ባይወስደንም፣ እርስዎ በደኅና እንደሚያድሩ እየሰማን እንጽናናለን።

ባለፈው ወር ሞላሌ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ በዲሽ የአሜሪካኖችን ኳስ አየሁ። ኳሷ እንደ እንቁላል የሞለለች ናት፤ በእጅ ይዘዋት ይሮጣሉ። እኔን የገረመኝ ግን አሠልጣኙ ነው። ትእዛዝ ሲሰጥ ተጋጣሚዎቹ ከንፈሩን እንዳያነቡበት አፉን በሰፊ ወረቀት ይጋርዳል። ረዳቶቹ ሜዳው ዳር ቆመው በእጃቸው ምልክት ያሳያሉ፤ ከምልክቱ ብዙው ማሳሳቻ ነው፤ እውነተኛውን ለይተው የሚያውቁት የራሱ ተጫዋቾች ብቻ ናቸው። እዚያው ተቀምጬ እርስዎን አሰብኩ፤ ቅሬታዬንም ከአድናቆት ጋር ላቀርብ ወሰንኩ።

1. በየስብሰባው የአጀንዳውን ወረቀት አፍዎ ላይ አድርገው ከጸሐፊዎ ጋር ሲንሾካሾኩ፣ ጉንፋን የያዘዎት ይመስለኝ ነበር። እግዜር ይማርዎ ስል ለኖርኩበት ይቅርታዎን እለምናለሁ።

2. ኮፍያዎን ሲያወልቁ ፊት ረድፍ የሚቀመጡት ወዳጆችዎ እጃቸውን ያወጣሉ። አሜሪካኖቹ ያን ሁሉ ማሳሳቻ ሲደረድሩ፣ እርስዎ በአንድ ኮፍያ ቀበሌ ማስተዳደርዎ የሚመሰገን ነው።

3. የእናቴ ጉዳይ በቀረበ ዕለት፣ ባል የሞተባት ሴት ማረስ አትችልም ተብሎ መሬቷ ለሚስትዎ ወንድም እንዲሰጥ ታስቦ ነበር። አስቀድመው፣ ለወይዘሮ ተሾመች ይጽና የሚል ካለ እጁን ያውጣ አሉ። ጾም ነውና ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነበር፤ በዚያችው ቅጽበት የደብሩ ደወል ተደወለ። እርስዎም እንደ ወጋችን ኮፍያዎን አወለቁ። ፊት ረድፉ በሙሉ እጁን አወጣ። እናቴ መሬት ሳመች። እርስዎ ግን ኮፍያዎን መልሰው ደፍተው፣ ጥያቄው ግልጽ ስላልነበረ ይደገም አሉ። ሲደገም፣ ኮፍያዎ ዳግም ሲወልቅ፣ እነዚያው እጆች ለሚስትዎ ወንድም ወጡ።

ክቡር ሊቀ መንበር፣ ከዚያ ማሳ ሌላ የለንም። አባቴን ከቀበርን ወዲህ በሬ ጠምጄ፣ ሴት ልጅ አረሰች ብሎ አገሩ እየሳቀብኝ፣ ያረስኩት እኔ ነኝ። ሰኞ የእነ እርስዎ በሬዎች ይገባሉ ተብሏል። እናቴ «እኔን ገልብጠው ይረሱ» ብላ ማሳው መሐል ተቀምጣለች፤ ለምኜ ላስነሣት አልቻልኩም፤ አሁን እኔም አጠገቧ ሆኜ ነው የምጽፈው። የመጀመሪያው ድምፅ ይጽናልን። በዚያ ስብሰባ እጆቹ እውነት የተናገሩት ያኔ ብቻ ነበር።

ከማሳዋ ባትነሣም ለክብርዎ ከመነሣት የማትቦዝን፣

ትሕትና ወሰኔ

ማሳሰቢያ፦ የደብሩ ደዋይ የእናቴ ወንድም ናቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ ባዶ ራስዎን ቢመጡ ይሻልዎታል።