ከሥራቸው የተቆረጡ ዓምዶች

በአርባ ቀንህ በክንዴ ላይ ክርስትና የተነሣህ፣ በትጋትህ ዶክተር ለመባል የበቃህ፣ ለሟቹ ወዳጄ ለብርሃነ መስቀል ቤት መብራት፣ ልጅ ላልወለድሁት ለእኔም ኩራት የሆንህ የክርስትና ልጄ ሆይ፤ እንደምን ሰነበትህ? የትንሿ ልጅህ የፀደንያ ሳልስ ተሻላት ወይ? እኔ የደብረ ብርሃን ብርድ ጉልበቴን ከመያዙ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

በምርምር ማዕከላችን የሥዕልና የኅትመት ክፍል፣ መጀመሪያ በብሩሽ፣ ኋላም በኮምፒውተር፣ ተመራማሪው ያየውን ገበሬው እንዲያየው የገብሱን ዛላ ፍሬ በፍሬ ቆጥሬ ስስል ሃያ ስምንት ዓመት ኖሬአለሁ እንጂ ያልበቀለ አብቅዬ አላውቅም፤ ከአንዲት ቀን በቀር።

ያችን ቀን አንተም አትረሳትም። አዲሱን ገብስ ከነባሩ ጋር የሚያነጻጽረውን ግራፍ ለገበሬዎች በራሪ ወረቀት አዘጋጅቼ ለእርማት ለአንተ ለገብሱ ተመራማሪ ብሰጥህ፣ በጠርዙ ላይ በእጅህ «አባባ፣ ዓምዶቹን ከሥራቸው ይቁረጧቸው፤ ልዩነቱ ጎልቶ ይታይ» ብለህ ጽፈህ መለስህልኝ። ዓምዶቹ ከዜሮ ካልተነሡ በሄክታር ሁለት ኩንታል የማይሞላ ብልጫ እጥፍ መስሎ እንደሚታይ ባስረዳህ፣ «ማብራሪያውን ከግርጌው እጽፋለሁ፤ ደግሞስ የክርስትና ልጅዎን አያምኑም እንዴ?» ብለህ ሳቅህ። አመንሁህና ቆረጥሁ፤ ማብራሪያው ግን አልተጻፈም።

በግራፉ ተማምና ነባሩን ዘሯን የጣለችው የአንኮበሯ ወይዘሮ ሠናይት፣ አዲሱን ገብስ ውርጭ ከመታባት በኋላ፣ ወረቀቷን ይዛ ቢሮዬ በር ላይ ቆማ፣ «ይህን የሳልኸው አንተ ነህ? እሰይ! ያንተስ አፍርቷል» ስትለኝ፣ መግቢያው ጠፋኝ።

ይህንንም እችለው ነበር። ባለፈው ረቡዕ ግን፣ ስለ ግራፉ በተቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ ፊት፣ ከጎንህ ተቀምጬ ሳለሁ፣ «ጋሽ ኃይለ ገብርኤል ሠዓሊ ናቸው እኮ፤ ለውበት ብለው ያደረጉት ይሆናል» አልህ፤ ሰዎቹም ሳቁ። አባባ ማለቱንም በዚያው ተውኸው። ጡረታዬ አምስት ሳምንት ሲቀረው አታላይ ተብዬ ልሰናበት ነው። ሊቀመንበሩ ማስረጃ እንዳለኝ ቢጠይቁኝ «ፈልጌ አመጣለሁ» አልሁ፤ የእጅ ጽሕፈትህ ያለበት ወረቀት ግን ያን ጊዜ በኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር።

አሁን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታጥፏል፤ ሌላ ቅጂ የለውም። የእኔ እጅ ያጠፋውን እኔው እናገራለሁ። እግዚአብሔር ቤትህን ይባርክ፣ ልጅህንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው፦ የፊታችን ረቡዕ በሦስት ሰዓት ይህን ወረቀት አንተው ራስህ ለሊቀመንበሩ ስጣቸው።

የክርስትና አባትህ