ስኳር የሌለው ሻይ

ግንቦት 4፣ ሐሙስ

ልብስ አጠብኩ፣ ተኮስኩ። ምሳ ሩዝና ዓሣ። ማታ መርፌዬን ሆዴ ላይ ወጋሁ። ሐሙስ የምወጋው ዓርብ እረፍቴ ስለሆነ ነው፤ ትኩሳቱም ብርድ ብርዱም በራሴ ቀን ይመጣል። በዚህ የጅቡቲ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚንቀጠቀጥ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

አሠሪዬ ማዳም ዓዚዛ መርፌው የስኳር በሽታ መድኃኒት ነው ብላ ታምናለች። ያልኳት እኔው ነኝ። ታዲያ ምን ልበላት? የጉበት ቫይረስ? ካርቲየ 1 ሰፈር እንደ እኔ ሰው ቤት የምትሠራው መነን ጉበቷን እንደታመመች የተሰማ ዕለት አሠሪዎቿ ብርጭቆዋን ሰባብረው ጣሉት፣ ሻንጣዋን በር ላይ አገኘችው። እና ስኳር አልኩ… ማዳም አዘነችልኝ። ሻዬን ያለ ስኳር ትቀዳልኛለች። ሐልዋ ሲመጣ ከፊቴ ታነሳለች። እኔ ደግሞ ጣፋጭ ነፍሴ ነው!

ግንቦት 8

ሹፌሩ ወንድሜ አምባው ከነጭነት መኪናው ገባ። የወሩን መርፌ ከአዲስ አበባ በበረዶ ሳጥን ይዞልኝ። በረዶውን መንገድ ላይ ዲክሂል ከተማ ለወጥኩት አለ። እሱ ራሱ ሙቅ ውኃ ሲጠጣ መጥቶ… ሊያልቅልሽ ነው፣ በርቺ አለኝ። የአዲስ አበባው ሐኪምም አንድ ሳምንት እንዳታሳልፊ ብሎኛል። አላሳልፍም። እናታችን በዚሁ ጉበት ነው ሆዷ ተነፍቶ የሞተችው።

ግንቦት 12

ቁርጠት። በግራ በኩል። ተቅማጥም አለው። የትናንቱ ምግብ ይሆን? ሁሉም በልተውታል እኮ።

ግንቦት 13

ደም አየሁ። ቶሎ ውኃ ለቀቅኩበት።

አሜባ ነው። አሜባ ይሁንልኝ።

ግንቦት 16

ከፋርማሲ የአሜባ ክኒን ገዛሁ። ስለ መርፌው ትንፍሽ አላልኩም። አምባው ደወለ፣ ደህና ነኝ አልኩት። ብነግረው ሐኪም ጋ ሂጂ ይለኛል፣ ሐኪሙ ደግሞ መርፌውን አቁሚ ይላል። ከዚያስ? እንደ እናቴ ልሆን ነው? ፈራሁ። ዝም ብዬ ልጨርሰው።

ግንቦት 18፣ ሐሙስ

ልውጋ? ልተው? ፍሪጁን ከፍቼ ዘጋሁት። መልሼ ከፈትኩት…

ወጋሁ።

ግንቦት 22

ሆስፒታል ተኝቼ ነው የምጽፈው። ዓርብ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ወድቄ ማዳም አገኘችኝ። ቀሚሴ ደም ነበር። ደግፋ ታክሲ ውስጥ አስገባችኝ።

ሐኪሙ የሚናገረው ፈረንሳይኛ ነው። ማዳም ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ ውኃ ነው፤ አንቱታ ግን አትወድም፣ ገና ስገባ አንቺ በይኝ ብላኛለች። እሷ አስተረጎመችልኝ። የምወስደው መድኃኒት እንዳለ ሲጠይቅ ግን እኔን ሳትጠይቅ መለሰችለት። «ዲያቤት» ስትል ሰማሁ፤ ስኳር በሽታ ማለቷ ነው። ሐልዋውን ስታነሳብኝ ለእንግዶቿ የምትለውን ቃል እንዴት አላውቀው? ሐኪሙ ጻፈ።

ዝም ልበል? ለሐኪሙ የምናገርበት አፍ የእሷ ብቻ ነው። እሷ ሳትሰማ እሱ አይሰማም።

«ስኳር የለብኝም ማዳም» አልኳት። «መርፌው የጉበት ነው። የጉበት ቫይረስ አለብኝ። ንገሪው።»

አየችኝ። ከዚያ ዞራ ነገረችው። ሐኪሙ የጻፈውን ሰረዘ።

ግንቦት 25፣ ሐሙስ

ትናንት በመሣሪያ አንጀቴን አዩት። አንዱ ክፍል ደም በደንብ ስላልደረሰው ቆስሏል። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፣ ግን መርፌው ሊያመጣው ይችላል አለ ሐኪሙ። ብቀጥል ሊበሳ ይችል ነበር። ስለዚህ መርፌው ቆመ፣ ከእንግዲህም አይሞከርም። ጉበቴስ ብዬ አስጠየቅኩ። እየተከታተልን እንጠብቃለን፣ መርፌ የሌለው አዲስ መድኃኒት እየመጣ ነው ይባላል አለ። መቼ? እሱም አያውቅም።

ዛሬ ሐሙስ ነው፣ አልወጋሁም። አለቀስኩ።

ማዳም ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ተረጎመችልኝ። ከዚያ ውጪ አንድ ቃል አልወጣትም። ሻንጣዬን አሰብኩ።

ግንቦት 28

ደሙ ቆመ። ለአምባው ሁሉንም ነገርኩት። ተቆጣኝ። ከዚያ ያለቀሰ መሰለኝ፣ የሞተሩ ድምፅ ነው አለ።

ሰኔ 3

ትናንት ወጣሁ። ማዳም መጥታ ወሰደችኝ። ስንደርስ መጀመሪያ ያየሁት በሩን ነው። ሻንጣ የለም። ወይ ውስጥ ታስሮ ይሆን?

ዛሬ ሻይ አፈላች። እኔ ላፍላ ብል ተቀመጪ አለችኝ። ቀዳችልኝ፣ ግን ብርጭቆውን አልሰጠችኝም።

«ይህን ሁሉ ወር መራራ ሻይ ሳጠጣሽ ዝም አልሽኝ?»

«እንዳታባርሪኝ ፈርቼ ነው።»

«ያኔ ብትነግሪኝ ምን አደርግ እንደነበር እኔም አላውቅም» አለች።

ስኳሩን ወደ ራሷ ሳበች። አንድ ማንኪያ፣ ሁለት፣ ሦስት። አማሰለችው። ከብርጭቆዬ ፉት ብላ ቀመሰችና ሰጠችኝ።

በጣም ጣፍጦ ነበር። ጨረስኩት።