እንዲያስፈራ የተጻፈው የጠፈር ታሪክ

ልጄ ፍቅርተ፣ የሳሪሱ አቡዬ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደሙልሽ፤ የሰው አገር ብርድ አይንካሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ የዚህ የገላን ኮንዶሚኒየም ደረጃ ብቻ ጉልበቴን ጨረሰው። ውሃውም እንደ ልማዱ ይጠፋል።

ያስጨነቀኝ የአባትሽ ነገር ነው። በወጣትነታቸው የጻፉትን የጠፈር ጦርነት ታሪክ ኢንተርኔት ላይ ስታወጪላቸው ደስታቸውን ሰምተሻል። እሁድ ዕለት የጎረቤታችን ልጅ ቢፍቱ ከጓደኞቿ ጋር መጥታ ከስልኳ አነበበችላቸው። ጀግናው ብቻውን የጠላትን መርከቦች ሁሉ ሲደመስስ ልጆቹ ተሳሳቁ። ቆንጆዋ እንደገና ራሷን ስታ ስትወድቅማ በሳቅ ፈነዱ።

«አባባ፣ ይቺ ሴት ከመጮህና ከመውደቅ ሌላ ሥራ የላትም እንዴ?» አለች ቢፍቱ።

በክፋት አይደለም፤ ታሪኩን ወደውታል፣ የሚወዱት ግን እየሳቁበት ነው። እኔንም ሳቅ አመለጠኝ። አባትሽ ዞር ብለው አዩኝ።

ከዚያ ወዲህ መነጽራቸውን አላደረጉም። ተከታዩን መጻፍ ጀምረው ነበር፤ ወረቀቱን አልጋ ሥር ከተቱት። ትናንት ሻይ ሳቀርብላቸው «እኔ እኮ ሰው እንዲፈራ ብዬ ነበር የጻፍኩት» አሉኝ።

ትንሽ ሳለሽ ይህንኑ ሲያነቡልሽ ፀሐይዋ የምትጠፋበት ቦታ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበሽ ታለቅሺ ነበር። መብራት አታጥፉ ብለሽ እጃቸውን ይዘሽ ነበር የምትተኚው።

በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ፤ በጤና ያገናኘን። እባክሽ ደውይላቸው። ጥሩ ጽሑፍ ነው አትበያቸው፤ ፈርቼ ነበር በያቸው።

እናትሽ አስካለማርያም