ኢንቨርተሩ ውስጥ የጨመርኩት ጠበል

አሰላ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ሶፊ፣

የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ያደርግሻል? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ለእናትሽ ሙት ዓመት ከመምጣትሽ በፊት የምነግርሽ ነገር አለ። በስልክ እየጀመርኩ ስንቴ ወሬ ለወጥኩብሽ። አሁንም ብዕሩን ሁለቴ አስቀምጬ ተነሥቻለሁ።

እስቲ መጀመሪያ እኔ ጋ የተውሽውን መኪና ነገር ልንገርሽ። አዳማ መጥቼ እንድቀበልሽ የኢንቨርተሩን ኩላንት፣ ያ የባትሪውን ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ሣጥን የሚቀዘቅዝበትን ፈሳሽ፣ ራሴ ልቀይር ብዬ ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ጀመርኩ። ፊት ለፊታችን ጋራዥ ያለው ሚፍታ፣ የሞተሩና የኢንቨርተሩ ኩላንት መሙያ ለየብቻ መሆኑን አሳይቶኛል። አሮጌውን አፈሰስኩ። አዲሱ በንጹሕ ውሃ ይበረዝ ይላል። ከእናትሽ የተረፈ ጠበል በጀሪካን ነበረ። ከዚህ የጠራ ምን አለ ብዬ በእሱ በርዤ ሞላሁት።

ሚፍታ ሊያይልኝ ሲመጣ ደስ ብሎኝ ነገርኩት።

«አስነሥተዋታል?» አለኝ።

«ገና ነኝ።»

«አልሐምዱሊላህ። ጋሼ በዛብህ፣ እናቴ ከሐጅ ያመጣችው ዘምዘም እኔም ቤት አለ። ሲያመኝ እጠጣዋለሁ እንጂ መኪና አላጠጣም። የምንጭ ውሃ ቱቦውን ይደፍነዋል፤ የሚገባው የተጣራው የባትሪ ውሃ ነው። የእርስዎ መኪና እኮ ጾም መያዝ ብቻ ነው የቀራት።»

ሁሉንም አፍስሰን፣ በባትሪ ውሃ አጥበን እንደገና ሞላናት። አየሩ እስኪወጣ አስነሥቶ ጠበቀ። ደህና ናት። የፈሰሰውን የት እንደምደፋው ግን ቸገረኝ። ጠበል ነው እንዳልል ኩላንት አለበት፣ ውሻ ቢልሰው ይሞታል፤ ኩላንት ነው እንዳልል ጠበል አለበት። ጀሪካኑን ይዤ ግቢውን ስዞር ዋልኩ። አሁንም ዕቃ ቤት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍም ጸሎትም አልሆነልኝ።

ሶፊዬ፣ እናትሽ አዲስ አበባ ሄጄ አልታከምም አለች ብዬ የነገርኩሽ ውሸት ነው። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ወደ አዲስ አበባ የጻፈላትን ወረቀት ኮቴ ኪስ ውስጥ ይዤ ሁለት ሱባዔ ጠበል ቦታ አቆየኋት። እሷ «ሁለቱንም እንሞክር» ብላኝ ነበር። የንስሐ አባታችንም ሐኪሙን አትተዉ ብለውኝ ነበር። ጠበሉ ምንም አልበደለ። እኔ ሐኪም ዘንድ መሮጥ የእምነት ማነስ መሰለኝ፤ ወይም እንዲያ ብዬ ፍርሃቴን ሸፈንኩት፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። አንቺ «እማዬ ለምን ራሷ ላይ ጨከነች» እያልሽ ስትወቅሻት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ። የሞተች ሚስቴን ለራሴ መሸሸጊያ አደረግኋት። እሷን አትውቀሻት።

ያሳደገሽ አምላክ በመውጣት በመግባትሽ ይጠብቅሽ፤ እኔ ያጎደልኩብሽን እሱ ይሙላልሽ።

ኅዳር 20 ቀን አዳማ መናኸሪያ ከጠዋት ጀምሬ እቆማለሁ። ከእኔ ጋር አንድ መኪና ውስጥ መቀመጥ ካስጠላሽ ቁልፉን እሰጥሻለሁ፤ አንቺ ቅደሚ፣ እኔ በሚኒባስ እመጣለሁ።

አባትሽ በዛብህ