የሰሚራ ፊልምና ሁለቱ ራሞች

ሰኞ

ኮምፒውተሩ ዛሬም አስራ አራት ከመቶ ላይ ድርቅ አለ። ሦስተኛ ጊዜው ነው። ማውሱ አይሄድ፣ ቁልፉ አይሠራ። የሰሚራ ፊት በግማሽ ፈገግታ ስክሪኑ ላይ ቀረ። ገመዱን ነቅዬ አጠፋሁት።

ሰሚራ የሐጃ ፋጡማ ልጅ ናት። ሰርጓ ባለፈው ሳምንት ነበር፤ እሑድ ጅዳ፣ ባሏ ዘንድ ትሄዳለች። የሙሽራዋን ጭፈራ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ድንበር ተሻግረን ገዳሪፍ ከገባን ወዲህ እኛም የአገሩን ልማድ ይዘናል፤ ሙሽራ ፀጉሯን ለቃ፣ ትከሻዋን ገልጣ፣ በሴቶች መሃል ትጨፍራለች። ወንድ አያይም። ካሜራ የምትይዝ ሴት የሚፈልጉት ለዚህ ነው፣ እኔም የምኖረው በዚሁ ነው።

ፊልሙ ተቆራርጦ፣ ዘፈኑ ገብቶ አልቋል። የቀረው ወደ ዲቪዲ ማውጣት ብቻ ነው። እሱን ነው እምቢ ያለው። ስድስት ቀን አለኝ።

ማክሰኞ

ሱቅ ወርጄ ጋሽ መሐሪን አማከርኳቸው። የጎንደር ሰው ናቸው፤ በሬዲዮ ጀምረው አሁን ኮምፒውተር ይጠግናሉ።

"ራም አንሶት ነው፣ ከድጃ" አሉ። "ሥራው ሲበዛበት የሚይዝበት ቦታ ያጣል። ሳጥኑን አምጪው፣ ያስር ደቂቃ ጉዳይ ነው።"

አልችልም አልኳቸው።

"እንግዲያው ሃርድ ዲስኩን አውጥተሽ ቤት ተይው። ፊልሙ ያለው እሱ ላይ ነው።"

"ሰው የሚያየው ሳጥኑን ነው፣ ጋሽዬ።"

ገባቸው። ዓምና አንዲት ሙሽራ ጭፈራዋ ለጥገና ከተሰጠ ኮምፒውተር ወጥቶ ከሞባይል ሞባይል ሲዞር ከረመ። ልጅቷ አባቷ ቤት ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ለእናቶቹ ሁሉ ቃል የምገባው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሳጥን ከቤቴ አይወጣም።

ጋሽ መሐሪ አልተከራከሩኝም። የተቃጠለ ማዘርቦርድ ከመደርደሪያ አውርደው ፊቴ አስቀመጡና "በዚህ ተለማመጂ" አሉኝ። እንዳይጠፋኝ ልጻፈው፦

— መጀመሪያ ገመዱን መንቀል።
— የሳጥኑን ብረት መንካት። ከልብስ የሚመጣ ኤሌክትሪክ ራሙን ያቃጥለዋል።
— የራሙን ወርቃማ ጥርስ በጣት አለመንካት።
— የራሙ ሥር ያለችው ክፍተት ከማስገቢያው ጉብታ ጋር ትግጠም። ካልገጠመች ማዞር እንጂ መታገል የለም።
— ሁለቱም ራሞች አንድ ቀለም ያለው ማስገቢያ ላይ ይግቡ። ሰማያዊና ሰማያዊ። ጎን ለጎን ያሉት አንዱ ሰማያዊ አንዱ ጥቁር ነው፤ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው።

"አንድ ቀለም ላይ ሲሆኑ ጥንድ ሆነው ይሠራሉ፤ ሥራውን እኩል ይካፈሉታል" አሉኝ።

ስንት ጊዜ እንዳስገባሁና እንዳወጣሁ አላውቅም። በመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ አስገባሁ። ሁለት ባለ አምስት መቶ አስራ ሁለት ራም በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ።

ረቡዕ

በሩን ቆልፌ ሳጥኑን ከፈትኩት። አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሯል። ብሎኖቹን የሻይ ብርጭቆ ውስጥ አስቀመጥኩ። አሮጌዎቹን ራሞች አወጣሁ፣ አዲሶቹን አስገባሁ፣ ቢስሚላህ ብዬ አበራሁት።

ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ። ስክሪኑ ጥቁር።

ገደልኩት ብዬ አለቀስኩ። እውነት ነው፣ አለቀስኩ። ከዚያ ጋሽ መሐሪ ጋ ደውዬ ሞባይሉን ሳጥኑ ላይ አስጠጋሁት።

"በደንብ አልገባም" አሉ ድምፁን ሰምተው። "ፈርተሽለታል። አጥፊውና ጠበቅ አድርገሽ ተጫኚው።"

"ቢሰበርስ?"

"የሱቄ ማዘርቦርድ መቼ ተሰበረብሽ?"

አጥፍቼ፣ ገመዱን ነቅዬ፣ በሁለት አውራ ጣቶቼ ተጫንኩት። ቀጭ አለ። በግራም በቀኝም ያሉት ነጫጭ መያዣዎች ራሳቸው ተነስተው ራሙን ያዙት። ስክሪኑ የሁለቱን ድምር፣ 1024 ብሎ ጻፈ። ብቻዬን እልል አልኩ!

ፊልሙን አስጀመርኩት። አስራ አራትን አለፈ። ሃያን አለፈ። ሠላሳ አንድ ላይ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና ነጭ ጽሑፍ ሞላበት። እንደገና ሞከርኩ። አሁን ደግሞ ሃያ ሁለት ላይ።

ሐሙስ

ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል።

ጠዋት ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለት ጊዜ ሰማያዊ ሲሆንብኝ ሳጥኑን በምከናነበው አሮጌ ቶቤ ጠቀለልኩት። በቀትር ሱቁ ጭር ይላል፣ በባለ ሦስት እግሩ ረክሻ ወስጄ ሳልታይ እመለሳለሁ ብዬ። ሃርድ ዲስኩን እንኳ አላወጣሁም። ለማውጣትም አላሰብኩም፤ ያሰብኩት ማን ያየኛል የሚለውን ብቻ ነው። የምጠብቀው ሰሚራን ነው ወይስ ስሜን?

በሩን ስከፍት ሐጃ ፋጡማ ቆመዋል። ሊያንኳኩ እጃቸውን አንስተው ነበር።

"ወዴት ነው፣ ያ ከድጃ?"

መዋሸት እችል ነበር። አፌ ግን እውነቱን አወጣው። ሐጃ አልጮሁም። ጥቅሉን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ አልፈውኝ ገብተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"መልሺው። እሺ፣ አሁን ክፈቺው፣ እኔም ልየው።"

ከፍቼ ሁለቱን ራሞች አውጥቼ አሳየኋቸው፤ እነዚህ ጥንድ ሆነው መሥራት ነበረባቸው አልኩ። ሐጃ ለሙሽሮች ወርቅ ሲገዛ የሚጠሩ ሴት ናቸው። ዳር ዳሩን ይዘው ወደ መስኮቱ አስጠጓቸው፣ ገለበጧቸው።

"እነዚህ ጥንድ ናቸው ያለሽ ማነው?"

"ሁለቱም አምስት መቶ አስራ ሁለት ናቸው።"

"ይሁኑ። ይኸኛው ጥቁር ጥቁሩ ቁራጭ በሁለቱም ፊት አለበት። ያኛው በአንድ ፊት ብቻ ነው። ጽሑፉስ አንድ ነው?"

አልነበረም። እኔ ቁጥሩን አይቼ ሌላውን አላየሁም። ሐጃን ከሳጥኑ ጋር ትቼ ሁለቱን ይዤ ሱቅ ሮጥኩ። ጋሽ መሐሪ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ግንባራቸውን ያዙ።

"ፍጥነታቸውም ይለያያል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ከድጃ። መዐሊሽ።"

ካርቶን ሙሉ ራም ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉ። የአንደኛውን እኩያ ለማግኘት ሁለታችንም አንድ በአንድ ስናገላብጥ ዋልን። ያገኘሁት እኔ ነኝ።

ዓርብ

ሰማያዊና ሰማያዊ። ቀጭ፣ ቀጭ። ሲነሳ ስክሪኑ ላይ ራሞቹ ጥንድ ሆነው እንደሚሠሩ የሚናገር አንድ ቃል ታየ፤ ትናንት እሱ አልነበረም።

ሠላሳ አንድን አለፈ። ስልሳ ላይ ወጥቼ ልብስ አጠብኩ፤ ቁጭ ብሎ ማየቱን አልቻልኩም። ስመለስ መቶ።

ቅዳሜ

ሐጃና ሰሚራ ከአሱር ሶላት በኋላ መጡ። ዲቪዲው አንድ ነው፤ የምትይዘው ሰሚራ ናት። ካየችው በኋላ እኔ ዘንድ ያለውን ላጠፋው ተነጋግረናል። በሩን ቆልፈን ተቀመጥን።

ሰሚራ አፈረች። ቶቧን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ በጣቶቿ መሃል ታያለች። ሐጃ ግን ወንበራቸውን አስጠግተው ዓይናቸውን አልነቀሉም። መሃል ላይ "ይቺን አዟዟር ከየት አመጣሻት?" አሉ።

"ያን ለት አላዩም እንዴ፣ ሐጃ?" አልኳቸው።

"የት አይቼ! በር ላይ ቆሜ የሴቱን ሁሉ ሞባይል ስሰበስብ አለቀ። ዘፈኑን ነው የሰማሁት።"

አላወቅኩም ነበር። ካሜራዬ አንዴም ወደ በሩ አልዞረም። ሰሚራ ቶቧን ከፊቷ አወረደች።

ፊልሙ አለቀ። ለማጥፋት እጄን ወደ ማውሱ ስሰድ ሐጃ "ቆይ" አሉ። "ነገ ሸኝቻት ስመለስ አንድ ጊዜ ልየው።"

ሰሚራ እናቷን አየች። እኔን አየች።

"ኸላስ፣ ይሁን" አለች። "እስከ ሰኞ።"

እሺ አልኩ። ሰኞ አጠፋዋለሁ፣ ቃል ነው። ግን ሐጃ ያን ቀን መጥተው፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ቀን ጨምሪልኝ ቢሉኝ ምን እንደምመልስላቸው አላውቅም።